ቅሬው ደጅ ላይ ነው

በኮሮናው ዓመት ቆቦ ውስጥ በአንድ ግቢ አሥራ አራት ቀን ተዘግቶብኝ ነበር። አብረውኝ የተዘጋባቸው አከራዬ ናቸው። እሳቸው የትም አልሄዱም፣ ከታመመ ሰው ጋር አልተገናኙም፤ ጥፋታቸው ከመንገድ ስገባ እኔን አቅፈው መሳማቸው ብቻ ነበር።

ቆቦ የመጣሁት ለማስተማር ተመድቤ ነው። ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ደገኛ ነኝ። ሙቀቱን አንድ ዓመት ከቻልኩት ይበቃኛል ብዬ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አከራዬ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ከገበሬ ማሽላ እየገዙ በገበያ ቀን ይሸጣሉ። ከቆቦ በእግር በሚደረስባት በዋጃ የሚያርስ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። እናታቸው እሱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ አንዳንዴ “ወንድሜ”፣ አንዳንዴ “ልጄ” ይሉታል። ፊደል ስላልቆጠሩ ስልክ የምደውልላቸው እኔ ነበርኩ። “እስቲ ያንን ልጅ አግኚልኝ” ይሉኛል፤ አገኝላቸዋለሁ። ስለ በሬው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሚስቱ የጉልበት ሕመም ያወራሉ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እህቴ አዲስ አበባ ወልዳ ስለነበር እሷን ልጠይቅ ሄድኩ። መምህራን ከምድብ ቦታችሁ አትራቁ ሲባል ተመለስኩ። ከወልድያ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ያስል ነበር። መስኮቱን ከፈትኩት፤ ከኋላ ያሉት አቧራው ገደለን ብለው አስዘጉኝ። ጎብዬ ላይ ይወርዳል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፣ አልወረደም። ሮቢትንም አለፍን። ቆቦ ስንደርስ እሱ ወደ አላማጣ የሚሄድ መኪና ሲፈልግ ትቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አከራዬ በር ላይ ጠበቁኝ። “እጄን ልታጠብ መጀመሪያ፣ አይንኩኝ” አልኳቸው።

“ወዲያ! የመንገድ ሰው ሳይሳም ይገባል?” ብለው ሳሙኝ። ማታ ከአንድ ትሪ በላን።

በሦስተኛው ቀን የጤና ባለሙያዋ ደወለች። ያ ሰው አላማጣ ላይ ተመርምሮ በሽታው እንደተገኘበት፣ የተሳፋሪዎቹ ስም ሲለቀም የእኔም እንደወጣ ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ ከአናቷ እስከ እግሯ ነጭ ፕላስቲክ ለብሳ መጣችና ከአፍንጫዬ ናሙና ወሰደች።

“ማን ማን ነው ግቢው ውስጥ?” አለችኝ።

“እኔና እማማ።”

“አብራችሁ በልታችኋል?”

አከራዬ ከደጃፋቸው ሆነው “ኧረ በልተናል፣ ምን ልንሆን ኖሯል?” አሉ።

“እንግዲያው ሁለታችሁም አትወጡም። እርስ በርሳችሁም አትቀራረቡ” አለች። ናሙናው ወደ ደሴ እንደሚሄድ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ ግን እንደማታውቅ ነግራን ወጣች።

በሩን በውጭ በኩል በሰንሰለት የቆለፈው ግን ቅሬው ነው። ቅሬ ማለት ወሎ ውስጥ የሞተ የሚቀብር፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ቤቱ የተቃጠለበትን መልሶ የሚሠራ የሰፈር ማኅበር ነው። እኛ አገር እድር እንለዋለን፤ የወሎው ግን ሕጉ ይጠብቃል። ቅሬ ያወገዘው ሰው እሳት የሚያጭርበት ጎረቤት አያገኝም። የእኛ ሰፈር ቅሬ ዳኛ በገበያው ዳር ልብስ የሚሰፉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በቆርቆሮው በር በኩል እየጮሁ አነጋገሩን።

“እናንተን ባለማመን አይደለም። ሰው ሳያውቅ እንዳይገባባችሁ ነው። የምትፈልጉትን ለተረኛው ንገሩ፤ የሚጎድልባችሁ ነገር አይኖርም” አሉ።

እውነትም የጎደለ ነገር አልነበረም። ረመዳን ገብቶ ስለነበር ማፍጠሪያ ሲደርስ ተምር፣ ሾርባና ሳምቡሳ በሳህን ተደርጎ በአጥሩ ላይ ይገባል። ለእኔ ክርስቲያን ጎረቤቶች ምሳ ይልካሉ። ውኃ በጀሪካን በር ሥር ይቀመጣል፤ ተረኛው ሰንሰለቱን ፈትቶ ይርቃል፣ እኔ አስገባለሁ፣ ተመልሶ ይቆልፋል። ተረኛው ከበሩ ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። አንዱ ቀን አናጢው፣ ሌላው ቀን ባጃጅ ነጂው፣ ሌላው ቀን ሁለት ሴቶች። “አስተማሪዋ፣ አደርሽ?” ይሉኛል። “ደህና” እላለሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ስመለከት የሚያየኝ ዓይን የሚመግበኝ ሰው ዓይን ነው፤ ያው ዓይን ነው የሚጠብቀኝ። በሦስተኛው ቀን ጀሪካኑን ሳነሳ አንድ እርምጃ ከበሩ አልፌ ወጣሁ። ሆን ብዬ አልነበረም። አናጢው ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ወደ ውስጥ ተመለስኩ፤ እሱም ተቀመጠ።

ግቢው ጠባብ ነው። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ በሙቀት እየተወጠረ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ክፍሌ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ ጥላ ያለው ደግሞ በእሳቸው ደጃፍ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥላውን ተከፋፈልን። እሳቸው በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ፣ በመካከላችን የተደፋ ሙቀጫ። የምንቀባበለውን ዕቃ ሙቀጫው ላይ አስቀምጠን እንርቃለን። ሽንት ቤት በተራ እንገባለን፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ በረኪና እደፋለሁ። አከራዬ አንድም ቀን አላማረሩም። የገበያ ቀን ሲደርስ ግን ከበሩ ሥር ቆመው የሚያልፈውን የአህያ ኮቴና የሰው ድምፅ ሲያዳምጡ አየኋቸው። ከዚያ ዘወር ብለው እኔን አዩኝና “ዛሬ ሰው በዝቷል” አሉኝ። ያን ዕለት ፊታቸውን ማየት ከበደኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከአስር ሰላት በኋላ፣ ቀኑ መብረድ ሲጀምር፣ ስልኬ ጠራ። የቅሬው ዳኛ ናቸው።

“ባልቴቷ የት አሉ?” አሉኝ።

“ጥላው ሥር ጋደም ብለዋል።”

“ክፍልሽ ግቢና በሩን ዝጊ።”

ገብቼ ዘጋሁ።

“ዋጃ ያለው ወንድሟ አርፏል” አሉኝ። “ያ በሽታ አይደለም። ሆዱን አሞት ሦስት ቀን ተኛ፤ ዛሬ ጠዋት ነፍሱ ወጣች። ቀብረውታል።”

“ተቀብሯል?”

“በእኛ ሬሳ አይቆይም፣ ልጄ።”

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። “በሩን ይክፈቱላቸውና ይንገሯቸው እንግዲህ” አልኳቸው። “ቢያንስ ለቅሶው ላይ ይድረሱ።”

“ወዴት ትሂድ? የዋጃው መንገድ በገመድ ተዘግቷል። ፖሊስ ማንንም አያሳልፍም።”

እውነት ነው፣ ገመድ ነበረ። ግን ከገመዱ ግራና ቀኝ ያለው እርሻ አልተዘጋም፤ ሰው በማሽላው አገዳ መሐል በእግሩ እየዞረ እንደሚያልፍ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። እኔ በዚያ ሚኒባስ ባልመጣ ኖሮ አከራዬ እንደዚያ ዞረው በማለፍ የወንድማቸው አስከሬን ሳይወጣ ይደርሱ ነበር። ይህን ሁለታችንም አልተናገርነውም።

“እስከ ነገ ጠዋት ያዥያት” አሉ ዳኛው። “ሱሁሯን ትብላ፣ ሱብሒዋን ትስገድ። ከዚያ እኛ መጥተን ደጅ እንቆማለን። የምትነግሪያት ግን አንች ነሽ።”

“እኔ? እኔ እኮ የሰው አገር ሰው ነኝ፤ ወጉንም አላውቀው። ሽማግሌ እያለ...”

“መርዶ በቆርቆሮ ላይ ተጩሆ አይነገርም። ፊቷን የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ውስጥ ያለሽው አንች ብቻ ነሽ።”

“ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?”

“ምንም አትበይ። ‘ቅሬው ደጅ ላይ ነው’ በያት። ይገባታል።” ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ፣ “ስልኳን ደግሞ ያዥው። የዋጃ ሰው ሳያስበው ይደውልላታል” አሉኝ።

ወጣሁ። አከራዬ ነቅተው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። “እማማ፣ ካርድ ጨረስኩ፤ ለእህቴ የምደውልበት ስልክዎን ያውሱኝ” አልኳቸው። ሳይጠራጠሩ ሙቀጫው ላይ አስቀመጡልኝ። “አራስ ናት፣ ደህና አድርገሽ ጠይቂያት” አሉ። ክፍሌ ገብቼ ድምፁን ዘጋሁት። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ በራ። ስክሪኑ ላይ “ዋጃ” ይላል፤ ቁጥሩን በዚህ ስም የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ለአንድ አፍታ፣ እሱ ራሱ እየደወለ ነው ብዬ አሰብኩ። እስኪያቆም ድረስ አየሁት። እንደገና በራ።

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ አፈጠሩ። እኔም በእኔ ጫፍ ተቀምጬ የተላከልኝን ምሳ ለራት አቀረብኩ። እሳቸው ተምሩን እያኘኩ “ከእህትሽ ጨረስሽ? እስቲ ያንን ልጅ አግኚልኝ። በረመዳን ካልደወልኩለት ይቀየመኛል” አሉ።

“ኔትወርክ የለም፣ እማማ።”

“አሁን አይደል ያወራሽው?”

“አሁን ነው የጠፋው።”

ሰማዩን አዩ፣ ኔትወርክ በዚያ የሚያልፍ ይመስል። “ይሁን። ነገ ይሆናል። አላህ ዕድሜውን ያርዝመው” አሉ።

አሜን አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ሰው አጠገባችን ሆኖ ሲመርቅ አሜን ይባላል።

ጎህ ሳይቀድ ሱሁራቸውን ሲበሉ ሰማኋቸው። ቀጥሎ ሰገዱ። ብርሃን መጣ ሲል ከበሩ ውጭ የእግር ድምፅ በዛ። በቀዳዳው አየሁ። መንገዱ ሙሉ ሰው ነው፤ ግን እንደ ልማዱ ተጠጋግቶ አልቆመም። እያንዳንዱ ከሌላው ርቆ፣ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አስሮ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። ወንዶቹ በኒሙ በኩል፣ ሴቶቹ በአጥሩ በኩል። ዳኛው ከሁሉም ፊት ናቸው። ቀዳዳው ውስጥ ዓይኔን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

አከራዬ ከመስገጃቸው ገና አልተነሡም። ከሙቀጫው ወዲህ ቆምኩ።

“እማማ” አልኩ።

“ምነው? አመመሽ?” አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስቃትት ሰምተውኝ ኖሮ በሽታው የጀመረኝ መስሏቸው ደንግጠዋል። ይህ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

“ቅሬው ደጅ ላይ ነው።”

አዩኝ። ወደ በሩ አዩ። ከበሩ ውጭ አንድ ሰው አሳለ። እጃቸው መስገጃው ላይ ቀረ።

“ማን?” አሉ። “ከዋጃ ነው?”

በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ።

“ልጄ?”

እንደገና ነቀነቅሁ። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን”፣ የአላህ ነን ወደ እሱም እንመለሳለን፣ አሉ፣ በቀስታ፣ አንድም ፊደል ሳይስቱ። ከዚያ እንደ ቆመ ከረጢት ወደ ጎን ወደቁ። ፊታቸው መሬቱን ሲመታ ድምፁን ሰማሁ። ሙቀጫውን አልፌ ሮጥኩ። ልነካቸው አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቀና ብለው እጃቸውን ዘረጉብኝ።

“ቁሚ! እዚያው ቁሚ! እንዳትነኪኝ!”

ቆምኩ። በእኛ አገርም በእነሱም መርዶ የተነገረው ሰው አይተውም፤ ይያዛል፣ ይደገፋል፣ ራሱን እንዳይጎዳ እጁ ይያዛል። እኔ ክንዴን አንጠልጥዬ ቆሜ አየኋቸው። ደረታቸውን መቱ። አፈር ዘግነው ራሳቸው ላይ በተኑ። ከውጭ ዳኛው “ሶብሪ፣ ታገሺ! አላህን አስቢ! ዱዓ እናድርግለት!” ይላሉ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ማንም አይገባም።

በመጨረሻ አከራዬ እየዳሁ ወደ በሩ ሄዱና ግንባራቸውን ቆርቆሮው ላይ ደገፉ። ከውጭ አንዲት ሴት፣ ለብዙ ዓመት ጎረቤታቸው የሆነች ቅመም ሻጭ፣ ከመስመሯ ወጥታ መጣች። ተረኛው “እቱ፣ ተይ” አላት። አልሰማችውም። ከውጭ በኩል በሩ ላይ ተለጠፈች፤ ቆርቆሮው በሁለቱ ክብደት ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ዳኛው ዱዓውን አነሡ፤ በሩቅ በሩቅ የቆመው ሁሉ አሚን አለ። ፀሐይ እስክትከር ድረስ እንዲሁ ቆዩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ከኒሙ ሥር አልጠፋም። ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰዓት ተከፋፍለው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ አንድ ቃል አይናገሩም። አከራዬ ከበሩ በስተውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ ውጭ ሰው መኖሩን የሚያውቁት በጫማው ድምፅ ነው። “ማን መጣ?” ይላሉ። ስሙን ሲሰሙ “አላህ ይስጥልኝ” ይላሉ።

ከእኔ ጋር አይነጋገሩም ነበር። የሚላክላቸውን ሾርባ ግማሹን ሙቀጫው ላይ ያስቀምጡልኛል፤ ወደ እኔ ግን አያዩም። በሁለተኛው ቀን ስልካቸውን አስቀመጥኩላቸው።

“ካርድ አልጨረስሽም ነበር” አሉ።

“አልጨረስኩም።”

“ሚስቱ ደውላ ነበር?”

“ብዙ ጊዜ።”

ስልኩን ገለባበጡት። “እኔ ተምር እየበላሁ...” አሉ።

ክፍሌ ገባሁ። ያን ቀን ሙቀቱ ቢገድለኝም ወደ ጥላው አልወጣሁም።

በአሥራ አራተኛው ቀን የጤና ባለሙያዋ ያለ ነጭ ልብሷ መጣች። የናሙናው ውጤት ከደሴ ደርሷል። “ምንም የለብሽም። ነፃ ናችሁ” አለች። ተረኛው ሰንሰለቱን ፈታና እየሳቀ እልል አለ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልነበረብኝም ማለት ግን ያ ሁሉ በከንቱ ነበር ማለት ነው። አከራዬ የጤና ባለሙያዋን አመስግነው ጥቁር ሻሻቸውን አሠሩ። ከቅመም ሻጯና ከሌላ አንዲት ሴት ጋር፣ ገመዱን በእርሻው ዞረው፣ በእግራቸው ወደ ዋጃ ሄዱ። “ልምጣ?” አልኳቸው። “ቤት ጠብቂ” አሉኝ።

ሦስት ቀን ቆዩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እኔ ግን ከግቢው አልወጣሁም። መንገዱን እያየሁ ደፉ ላይ እቀመጣለሁ። ዳኛው አንድ ጠዋት መጡና አዩኝ።

“ሰንሰለቱን ፈትተነዋል እኮ” አሉ።

“አውቃለሁ።”

“ቅሬው ውስጥ ስምሽን አስገብቼዋለሁ።”

“አልጠየቅሁም።”

“መርዶ የነገረ ሰው ውጭ አይቀመጥም” አሉና ሄዱ። እንደ ክብር ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ስሰማው ሌላ ገመድ የተወረወረብኝ መሰለኝ።

ረመዳን አልቆ ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ከሰፈራችን አንዲት ሴት ልጇ ወልድያ ሞተባት። ጠዋት በማለዳ ሁላችንም ደጇ ቆምን፤ እኔም ስሜ ስላለ ሄድኩ። ዳኛው “ርቀታችሁን ጠብቁ፣ ማንም እንዳይገባ” እያሉ ነበር። ሴትዮዋ ቅሬውን ስታይ ጮኸች። አከራዬ ከመሐላችን ወጥተው ማንንም ሳያዩ ገቡና አቅፈው ያዟት። እስክትረጋጋ አለቀቋትም።

ወደ ቤት ስንመለስ አስቤም ሳይሆን ከአፌ አመለጠኝ። “እኔን ለምን ከለከሉኝ ያን ቀን? በሽታው እንዳይተላለፍ ነው?”

ጥቂት ተራመዱ። “በሽታውን ረስቼው ነበር” አሉ። “ያን ቀን ብታቅፊኝ ኖሮ አልቅሼ ይቅር እልሽ ነበር። ይቅር ማለት አልፈለግሁም።”

ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይጋረፋል። አሁንስ ብዬ ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ ፈራሁ። ከገበያው ማዕዘን ስንደርስ አህዮች ማሽላ ጭነው ይገቡ ነበር። አከራዬ ቆም ብለው አዩዋቸው።

“ዛሬ ሥራ ከሌለሽ ከረጢት ትይዥልኛለሽ” አሉኝ።

“የለኝም” አልኩ፤ ተከትያቸው ወደ ገበያው ገባሁ።